የጳጉሜ 3 ዝናብ

አሮጌው ዓመት ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ጳጉሜ 3 ቀን ዝናብ ከጣለ እናቶች ዕቃ ይዘው ወደ ደጅ ይወጣሉ። ውሃውን ቤት ውስጥ ይረጩታል፤ ሊጡ ላይም ጠብ ያደርጉታል። ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው ይጠመቁበታል። ዕለቱ የመልአኩ ሩፋኤል በዓል ነው። በመጽሐፈ ጦቢት እንደተጻፈው፣ ጦብያ የዓሣ ልብና ጉበት አጢሶ ጋኔን ከጫጉላ ቤቱ እንዲያባርር፣ የአባቱንም ዓይን በዓሣው ሐሞት እንዲፈውስ ያስተማረው እሱ ነው። ቤት ጠብቅልን ተብሎ መለመኑ ታዲያ ምን ያስደንቃል! ለጥበቃ የሚያዝ ክታብ ዋጋ ይጠየቅበታል፤ ይህ ዝናብ ግን ለሣር ክዳኑም ለፎቁም እኩል ይወርዳል። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህንኑ ነው። ዘንድሮም ሰማዩ ሲጠቁር ዕቃችሁን ደጅ አውጡ፤ ልጆቹንም አትከልክሏቸው።