ግምጃና ግምጃ ቤት

አባቶቻችን የመንግሥት ሀብት የሚጠበቅበትን ቤት ወርቅ ቤት ወይም ብር ቤት ሳይሉ ግምጃ ቤት ብለው መሰየማቸው ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። ግምጃ የሚባለው ከሐር የተሠራ፣ ብዙ ጊዜም ወርቀ ዘቦ የገባበት ባለ ሐረግ ጨርቅ ነው። ዛሬ ይህ ስም በመዝገብና በደረሰኝ ላይ ሲነበብ ገንዘቡ ይታሰበናል እንጂ ጨርቁ ትዝ አይለንም። ስለዚህ ግምጃን እንደ አንድ የጥበብ ሥራ መርምረን አስተያየታችንን ለመግለጽ እንወዳለን።

የግምጃ ክብር የቆየ ነው። በ1512 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዐፄ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥትና በአብያተ ክርስቲያናት ስላየው ግምጃ ደጋግሞ ጽፏል። በሸዋም ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር ሲገዙ፣ ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ የሚያቋርጠው ሲራራ ነጋዴ ሸቀጡን ከከተማው በታች በምትገኘው በአልዩ አምባ ገበያ ያራግፍ ነበር። በ1833 ዓ.ም. የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስም ለንጉሡ ካቀረበው ገጸ በረከት ውስጥ ከጠመንጃው ጋር ውድ ጨርቆች ይገኙበት ነበር። ግምጃ ካባ ሆኖ ሹመትን ያሳያል፤ መጋረጃና ጃንጥላ ሆኖ ቤተ መቅደስን ያስከብራል።

የግምጃ ሥራ የሚመዘነው በምንድን ነው? ጥልፍ ጨርቁ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በመርፌ የሚጨመር ነው፤ ኅትመትም ከላይ የሚቀባ ቀለም ነው። የግምጃ ሐረግ ግን ከድርና ከማጉ ጋር አብሮ ይወለዳል። የሸማችን ጥለት የሚሠራውም በዚሁ ሕግ ነው። ስለዚህ መርማሪ ሰው ፊቱን አይቶ ሳያበቃ ጀርባውንም ይገልብጥ፤ የሸማኔው ድካም የሚነበበው ከዚያ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ግምጃ ከባሕር ማዶ የመጣ ሸቀጥ ስለሆነ የእኛ ጥበብ ሊባል አይችልም» ይላሉ። ይህ ፍርድ ችኩል ይመስለናል። በ18ኛው ምዕተ ዓመት በጎንደር የተሠራውና ዛሬ በለንደን በብሪታንያ ቤተ መዘክር የሚገኘው ታላቅ የሐር መጋረጃ የሰው መልክ ሳይቀር ተሸምኖበታል፤ ይህም የባለሙያዎቻችንን እጅ ችሎታ ይመሰክራል። ከውጭ የገባውንም ግምጃ ቢሆን አባቶች እንዲያው አልተጠቀሙበትም። የብራና መጽሐፍ ደጓሹ ቆዳውን ወደ ገበታው ውስጥ አጥፎ ከለጠፈ በኋላ በመካከል የሚቀረውን ባዶ ስፍራ ባለ ሐረግ ጨርቅ ቆርጦ ይሸፍነዋል። መጽሐፉ ሲከፈት አንባቢው ከፊደሉ በፊት የሚያገኘው ይህንን ነው። ጨርቁ ባዕድ ቢሆንም ቦታውን የመረጠው ዓይን የእኛ ነው።

የምንነቅፈው ነገር እዚህ ላይ ነው። ስለ ብራና መጻሕፍት ሲጻፍ ጽሑፉና ሥዕሉ በሰፊው ይተነተናል፤ ጨርቁ ግን ብዙ ጊዜ «ባለ ጨርቅ» ተብሎ ይታለፋል። ዳሩ ግን ያች ቁራጭ የየትኛው አገር ሸቀጥ በየትኛው መንገድ እንደገባ የምትናገር ምስክር ናት። አሁን ለቤተ ክርስቲያን በስለት የሚገባው ጨርቅ በአብዛኛው የፋብሪካ ሥራ ነው፤ ብልጭ የሚለውም ክር ወርቅ ሳይሆን ፕላስቲክ ነው። የምእመናንን ልግስና አንነቅፍም፤ ነገር ግን አዲሱ ሲሰቀል አሮጌው እንደ እላቂ ከተጣለ፣ ገበታውም ሲታደስ ቁራጩ ተልጦ ከጠፋ፣ ያ ምስክር ዳግመኛ አይገኝም።

ስለዚህ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ያሉ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው፣ በካህናቱ ፈቃድ፣ የየዕቃ ቤቱን አሮጌ ግምጃ መጠኑን፣ ቀለሙንና የሐረጉን ዓይነት ቢመዘግቡ ትልቅ ሥራ ነው። ወጪው አንድ ደብተርና አንድ ሜትር ብቻ ነው። ለመንግሥት ሀብት ቤት ስሙን ያዋሰ ጨርቅ ቢያንስ በመዝገብ ላይ አንድ መስመር ይገባዋል እንላለን።