ለሕፃናት የሚታዘዘው የቤት ውስጥ ሙከራና የላስታ ምድጃ

ዕድሜያቸው ለመደበኛ ትምህርት ላልደረሰ ሕፃናት ወላጆች በቤት ሊያሠሯቸው የሚችሉ ቀላል የሳይንስ ሙከራዎችን የሚዘረዝሩ መምሪያዎች ብዙ ናቸው። ከሁሉም የሚዘወተረው ኮምጣጤንና ሶዳን አቀላቅሎ አረፋ ማስገንፈል ሲሆን፣ ይህም «እሳተ ገሞራ» ይባላል። መምሪያው ገነተ ማርያም ሲደርስ ግን ነገሩ እንግዳ ይሆናል። ሕፃኑ የቆመበት ምድር ራሱ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ አለት ነው፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን እንደ ተፈለፈለች የሚነገርላት ቤተ ክርስቲያንም የወጣችው ከዚሁ ቀይ አለት ነው። እውነተኛው በደጅ ሳለ አምሳያው ከሱቅ ይገዛል።

ይሁን እንጂ ጉድለቱን በዕቃ እጥረት ብቻ መለካት ነገሩን ማሳነስ ይሆናል። ኮምጣጤውና ሶዳው ቢገኙ እንኳ ሕፃኑ የሚያየው ትርኢት እንጂ ሙከራ አይደለም። ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ተነግሮታል፤ እርሱ ራሱ የሚለውጠው ነገርም የለም።

በአንጻሩ የስንዴ ዳቦ ሊጥን መመልከት ይበቃል። እናት እርሾ ጨምራ ካቦካችው ላይ በሁለት ብርጭቆ እኩል ይቀነሳል፤ የሊጡ ከፍታ በክር ምልክት ይደረግበታል። አንዱ ለምድጃው ሙቀት ቀረብ ብሎ፣ ሌላው ብርድ ከሚገባበት ከደጃፉ ሥር ይቀመጣል። ሕፃኑ «የትኛው ቀድሞ ኩፍ ይላል?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱም ሊጡ እስኪፈርድ ድረስ አይታረምም። በእርሾው ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ሙቀት ሲያገኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ፈጥነው እንደሚያወጡ፣ የዳቦውም ሆነ የእንጀራው ዓይን ከዚሁ አየር እንደሚመጣ ወላጁ ቢያውቅ መልካም ነው፤ የአምስት ዓመት ልጅ ግን ስሙን አይሻም።

ድንጋይም እንዲሁ ነው። ባለ ቀዳዳ ደረቅ ድንጋይና ከወንዝ የተለቀመ ልሙጥ ጠጠር ውሃ ውስጥ ሲገቡ አረፋ የሚያወጣው የትኛው እንደ ሆነ ሕፃኑ አስቀድሞ ሊገምት ይችላል። (ከቤተ ክርስቲያኒቱ ቅጥር አንድም ድንጋይ እንደማይነሣ መናገር አያሻም።) ለወላጅ የሚሰጠው ማብራሪያ እንኳ ቦታውን ይረሳል፤ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል የሚለው ለባሕር ጠለል ነው፤ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በላሊበላ አካባቢ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለፈራረሱ አገሮች መምህራን ከተጻፈ መምሪያ የተነሣውና ዩኔስኮ በ1956 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የሳይንስ ማስተማሪያ መጽሐፍ፣ መሣሪያ በአካባቢው ከሚገኝ ነገር እንዲሠራ ያሳስብ ነበር።

የላስታ ቤትም ከነቀፌታ አያመልጥም። ሕፃኑን ከምድጃው እሳት ማራቅ ተገቢ ጥንቃቄ ነው፤ አብዝቶ የሚጠይቀውን ልጅ «ለፍላፊ» ብሎ ዝም ማሰኘት ግን ከኮምጣጤው እጥረት የበለጠ ይጎዳል። ስለዚህ ጉዳይ ከመምሪያዎቹ አንድ ገጽ እንኳ ማግኘት ያስቸግራል። ቀጣዩ መምሪያ ከመታተሙ በፊት በገነተ ማርያም በጥቂት ቤቶች ቢሞከር፣ የመጀመሪያው ገጽ ሳይለወጥ አይቀርም።