ፊት ያላቸውና ፊት የሌላቸው፦ የትግላችን ሐውልት ዳሰሳ

በአዲስ አበባ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት፣ በቸርችል ጎዳና ላይ የቆመው የትግላችን ሐውልት ተቺ አጥቶ አያውቅም። ጫፉ ላይ ያለው ቀይ ኮከብ፣ የሰሜን ኮሪያውያን እጅ ያረፈበት መሆኑ፣ ረሃብ አገሩን በሚያራቁትበት በ1977 ዓ.ም. መባቻ ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል መመረቁ፣ ሁሉም ተብሎበታል። ትችቱ ግን ሐውልቱን ያሠራው የደርግ መንግሥት ላይ ያነጣጠረ ነው። ሐውልቱ መታሰቢያ የቆመለትን፣ ከሶማሊያ ጋር በተደረገው የኦጋዴን ጦርነት የወደቀውን ሟች እንዴት ያስታውሰዋል የሚለው ጥያቄ ተዘሏል።

50 ሜትር ገደማ ከሚረዝመው ዓምድ ግራና ቀኝ ግድግዳ ላይ የወጡት ቅርጾች የአሮጌውን ሥርዓት መከራ፣ የሕዝቡን አመፅ፣ የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለማርያም የሚመሩትን ሰልፍና የጦሩን ግስጋሴ ይተርካሉ። የቀራጮቹ ሙያ የሚናቅ አይደለም። የልብሱ እጥፋት፣ የክንዱ ጅማት፣ የሰልፉ ግፊት የሠለጠነ እጅ ያሳያሉ። ፊቶቹን ጠጋ ብሎ ያየ ግን አንድ ፊት ደጋግሞ ያገኛል፤ መንጋጋው የተነከሰ፣ ዓይኑ ወደ ፊት የተተከለ። ታጠቅ ጦር ሰፈር ጥቂት ጊዜ ሠልጥኖ የዘመተው የሚሊሺያ ገበሬ ከመደበኛው ወታደር፣ የጎጃሙ ከሐረሩ አይለይም። ከዚያ ወደ ጎን ዞር ሲባል ነገሩ ይለወጣል። በኦጋዴን ጦርነት ከኢትዮጵያ ጎን ተሰልፈው የወደቁት የኩባ ወታደሮች ምስል ተደርድሯል። እዚያ እያንዳንዱ የራሱ ፊት አለው፤ ተመልካቹም አንድ በአንድ እያየ ያልፋል። በአንድ ሐውልት እንግዳው ሰው ሆኖ ሲታወስ ባለአገሩ አርማ ሆኖ ቀረ።

ለኩባውያኑ የተደረገው ክብር የሚነቀፍ አይደለም፤ የሚገባቸው ነው። ኩባ ራሷ ኅዳር 28 ቀን 1982 ዓ.ም. ከአንጎላ፣ ከኢትዮጵያና ከሌሎች አገሮች የሰበሰበችውን የልጆቿን አፅም በአንድ ቀን በየትውልድ ቀበሌያቸው ቀብራለች። ጉድለቱ ያለው እዚህ፣ የራስን ሟች በማስታወሱ ላይ ነው።

ጉድለቱን የሚያከብደው ደግሞ የአገሩ የለቅሶ ሥርዓት ነው። በቀድሞው ባህል ጀግና ሲሞት አስከሬኑ ባይገኝ እንኳ ጋሻው፣ ጦሩና ልብሱ ይወጣል፣ ፈረሱ ተጭኖ በለቀስተኛው መካከል ይጎተታል። አልቃሿ ስሙን ከነአባቱ፣ ከነፈረስ ስሙ ትጠራለች፤ የዋለበትን ጦር ሜዳ እየቆጠረች ታስለቅሳለች። ስም ያልተጠራበት ለቅሶ ለሟቹ ቤተሰብ ውርደት ነበር። ትግላችን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልወረሰም።

ስም አልባ ክብር የደርግ ፈጠራ አይደለም። ብሪታንያ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ማዕረግና ዘር ሳይለይ ለእያንዳንዱ ሟች ስም እንደምትቀርጽ አውጃ ነበር። በናይሮቢ፣ በሞምባሳና በዳሬሰላም ለወደቁት አፍሪካውያን ወታደሮችና ተሸካሚዎች ያቆመችው ግን ስም የሌለው የነሐስ ሐውልት ነው። የጦር መቃብሮቹን የሚያስተዳድረው ኮሚሽን ራሱ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ቢያንስ 116,000፣ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚደርሱ፣ በአብዛኛው አፍሪካውያንና የመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች፣ በስም እንዳልታሰቡ ወይም ጨርሶ እንዳልታሰቡ አምኖ ይቅርታ ጠይቋል። የነሐስ ሐውልት ውድ ይመስላል እንጂ ከስም ዝርዝር ይልቅ ርካሽ ነው፤ ማንንም ፈልጎ ማግኘት አይጠይቅም።

«ሟቹ ብዙ ነው፣ ማን ይዘልቀዋል?» የሚል መከራከሪያ ይነሳል። አያዋጣም። በደቡብ ኮሪያዋ ቡሳን፣ በተባበሩት መንግሥታት መታሰቢያ መቃብር ያለው ግድግዳ 40,896 ስሞች ተቀርጸውበታል፤ በኮሪያ ጦርነት የዘመተው የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ሟቾችም ከእነዚያ መካከል ናቸው። ቃኘው አስከሬኖቹን ወደ አገር ስለመለሰ በዚያ መካነ መቃብር የተቀበረ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ስሙ ግን አለ። አንድ የኢትዮጵያ ወታደር ቡሳን ላይ ስሙ ተቀርጾ፣ በኦጋዴን ጦርነት ለካራማራ የወደቀው ወንድሙ በመዲናው ባለው ሐውልት ላይ ስም ማጣቱ የሚያሳፍር ነው። ሐውልቱን የኪነ ጥበብ ቅርስ እያሉ ማሞገስም ይህን አይሸፍነውም።

የካቲት 26 የካራማራ ድል ሲታሰብ በዚሁ ዓምድ ሥር አበባ ይቀመጣል። የሚቀረው ሥራ ሌላ ሐውልት ማቆም አይደለም፤ ኮከቡንም ማውረድ አያስፈልግም። የመከላከያን መዝገብና የቤተሰብን ትውስታ አገናኝቶ ስም መሰብሰብና ከኩባውያኑ ትይዩ መቅረጽ ነው። በ1970 ዓ.ም. የ20 ዓመት ወጣት ሆኖ የወደቀ ወታደር ታናሽ እህት ዛሬ ከ60 ዓመት በላይ ሳይሆናት አይቀርም። የሚመለከተው ክፍል እሷን ሳትሞት ይጠይቃት።