የመንገድ ዳር ፈረሰኞች፦ የአርሲ መቃብር ሥዕሎችና የሐያሲው ዝምታ

ስለ አገራችን የመቃብር ጥበብ ሲጻፍ ቀድሞ የሚነሳው የኮንሶ ዋካ ነው። ይገባዋልም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 የኮንሶን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ከእርከኑና ከድንጋይ ካቡ ጋር እነዚህን ከእንጨት የተጠረቡ ሐውልቶች አብሮ አንስቷል። ቅር የሚለኝ ከባቱ እስከ ሻሸመኔ በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ የሚታዩት የአርሲ ኦሮሞ መቃብሮች በዚህ ዝና ተውጠው መቅረታቸው ነው። ከአዳማ ወይም ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የወረደ መንገደኛ ሁሉ አይቷቸዋል። ሐያሲው ግን ሲሚንቶና የዘይት ቀለም ስለሆኑ አልፏቸዋል።

እስኪ ቀረብ ብለን እንያቸው። በአጥር በተከለለው መቃብር ግድግዳ ላይ ሟቹ በፈረሱ ተቀምጦ፣ ጦር ወይም ጠመንጃ ይዞ ተስሏል። ፈረሱ በጎኑ ሲታይ ፈረሰኛው ፊቱን ወደ እኛ አዙሯል። ይህን የችሎታ ማነስ የሚያደርጉት አሉ፤ እኔ የታሰበበት ብልሃት ነው እላለሁ። ፈረስ የሚታወቀው በጎኑ፣ በኮርቻውና በጌጡ ነው፤ ሰው ደግሞ በፊቱ። ሠዓሊው ሁለቱንም ሳያጎድል ማሳየት ስለፈለገ አንዱን ለሌላው አልሠዋም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችንም ቅዱስ ጊዮርጊስን የሳሉት በዚሁ መንገድ ነው፤ ያን ግን ትውፊት ብለን እናከብረዋለን። ደግሞ ሥዕሉ በአንድ ፊት አያልቅም። በአንዱ ጎን ፈረሰኛው፣ በሌላው ከብቱ ወይም አንበሳው ይመጣል፤ የሰውየውን ሕይወት ለማወቅ መቃብሩን መዞር ግድ ነው። በመኪና መስኮት አይቶ ያለፈ ገና አላየውም።

ዋካም ቢሆን ብቻውን የሚቆም ሥራ አይደለም። ጀግናው መሐል ይሆናል፤ ሚስቶቹ፣ የገደላቸው ጠላቶችና የገደለው አውሬ በዙሪያው ይደረደራሉ። ተሰርቆ ለሰብሳቢ የተሸጠ ነጠላ ዋካ ማን እንደሆነ እንኳ አይናገርም። ገበያው ግን የሚወደው እንዲህ የሚነቀለውን ነው። የአርሲ መቃብር ተነቅሎ ሳሎን ስለማይገባ የውጭ ሰብሳቢ አልፈለገውም፤ እኛም የሰብሳቢውን ዓይን ተውሰን ናቅነው።

ሌላው ዓለም ይህን ንቀት ከተወው ቆይቷል። በማዳጋስካር የማሃፋሊ ሕዝብ በመቃብር ላይ አሎአሎ የሚባል የተቀረጸ እንጨት ይተክላል። ቀራጩ ኤፊአይምቤሎ በአሎአሎው ጫፍ ላይ አውቶቡስና አውሮፕላን ጭምር እየቀረጸ በደማቅ ቀለም ይቀባ ነበር። ፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1989 በታላቅ ዓውደ ርዕይ ላይ ከዘመኑ ሠዓሊዎች እኩል፣ በስሙ አቀረበችው። የእኛ የመንገድ ዳር ሠዓሊ ይህን ክብር አላገኘም።

የእኛዎቹ የመቃብር ሥራዎች እንከን የላቸውም አልልም። ዋካም ሆነ የአርሲ ፈረሰኛ መግደልን ከሁሉ በላይ የሚያወድስ ጥበብ ነው፤ በዋካ ሴቲቱ የምትቆመው የባሏ ክብር ማሟያ ሆና ነው። ይህን ሳይሸሽጉ መጻፍ የሐያሲ ግዴታ ነው። ሆኖም ለበርና ለመስኮት በሚገዛ ቀለም አንድን ገበሬ ከነፈረሱ፣ ከነከብቱና ከነኩራቱ በሜዳ ላይ ያቆመ እጅ፣ በአዲስ አበባ ጋለሪዎች ከማያቸው ብዙ ሥራዎች ይልቅ ልቤን ይነካዋል።

ቀለሙ በፀሐይና በዝናብ እየለቀቀ ነው፤ ምስልን ከመቃብር ጋር የማያስማማው ሃይማኖታዊ ትምህርትም እየበረታ መጥቷል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ያላችሁ መምህራንና የባህል ቢሮ ባለሙያዎች፣ የሟች ቤተሰቦችን አስፈቅዳችሁ መቃብሮቹን በአራቱም ጎን ፎቶ አንሱ፤ የሳላቸውንም ሰው ስም ጠይቃችሁ መዝግቡ።