ከግልጹ ወደ ስውሩ፦ ለጀማሪዎች የሚሆን የእንቆቅልሽ ኮድ ዐውደ ጥናት በላስታ

ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚሄድ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የላሊበላን ቤተ አማኑኤል አይቷል። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦበታል። ይምርሐነ ክርስቶስ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጎን፣ በሰፊ ዋሻ ውስጥ የታነጸ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በግድግዳው ላይ ጥቁር እንጨትና በነጭ የተለሰነ ድንጋይ በየረድፉ ይፈራረቃሉ። እንጨቱ እዚያ የገባው ድንጋዩን ሊያስር ነው። ቤተ አማኑኤል ግን ከአንድ ዐለት የተፈለፈለ ስለሆነ የሚታሰር ነገር የለውም። ሆኖም ውጫዊ ግድግዳው ገባ ወጣ እያለ በአግድም ረድፍ ተቀርጿል፤ ዐለቱ የእንጨትና የድንጋይ ግንብ መስሎ ቆሟል። ይምርሐነን ያየ ሰው ረድፉ ከየት እንደመጣ ወዲያው ይገባዋል። ያላየው ጌጥ ነው ብሎ ያልፈዋል።

የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንቆቅልሽ አድርጎ መጻፍን ለጀማሪ የሚያስተምሩ ሰዎች ስሕተትም ይኸው ይመስለኛል፤ አማኑኤልን ከይምርሐነ ያስቀድማሉ። እንቆቅልሽ ኮድ በትክክል እየሠራ፣ የሚያነበው ሰው ግን ምን እንደሚሠራ በቀላሉ እንዳይገባው ሆን ተብሎ የሚጻፍ ኮድ ነው። ቫይረስ ለመደበቅ የሚደረገው ሽሸጋ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ የምናወራው ስለ ጨዋታው ነው። ጨዋታው ወግና ዳኛ ያገኘው ላንደን ከርት ኖልና ላሪ ባሰል በ1984 እ.ኤ.አ. በሲ ቋንቋ የሚጻፍ እንቆቅልሽ ኮድ ዓለም አቀፍ ውድድር ሲጀምሩ ነው። ውድድሩ ከዓላማዎቹ አንዱ የጥሩ አጻጻፍን ጥቅም በምፀት ማሳየት እንደሆነ ይናገራል። ምፀት ደግሞ ቀጥተኛውን ለማያውቅ ሰው ምፀት አይሆንለትም። ፕሮግራም መጻፍ በጀመረ በሳምንቱ የአሸናፊ ኮድ የተዘረጋለት ወጣት የሚያተርፈው ፍርሃት ብቻ ነው። ወይም ደግሞ፣ ይህ የባሰ ነው፣ አለመግባት የብልህነት ምልክት መስሎት ይቀራል።

በላስታ ዙሪያ፣ ለጀማሪ ምን ይቅደም የሚለውን ጥያቄ ቀድሞ የመለሰ ትምህርት ቤት አለ። ስሙ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር የሚነሣው የዋድላ ቅኔ ቤት እዚያው ሰሜን ወሎ ውስጥ ነው። የቅኔ ተማሪ ግስ እያወረደ፣ እርባታውንና አገባቡን እየለመደ ቅኔ መቁጠር ይጀምራል። ስምንት ቤት ያለው መወድስ ለእሱ ገና ሩቅ ነው፤ በእጁ የሚሰጠው ሁለት ቤት ያለው ጉባኤ ቃና ነው። የቆጠረውን መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ እሳቸውም የተሰበረውን ያቃኑለታል። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው መጠኑ ማነሱ ብቻ አይደለም። ተማሪው ምስጢሩን የሚሸሽገው ሊፈታው በሚችል ሰው ፊት ነው፤ ተጠይቆም ሰሙን ከወርቁ መለየት ይኖርበታል። ያልገባውን ነገር አወሳስቦ ቢያቀርብ መምህሩ አይታለሉለትም።

ስለዚህ የዐውደ ጥናቱ የመጀመሪያ ልምምድ ሦስት መስመር ቢሆን ይበቃል። የፓይተን ቋንቋ ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ተለዋዋጭን በፊደላችን መሰየም ይፈቅዳል። ፊደላችን ራሱ ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነበር። መጀመሪያ ግልጹ ይጻፍ፦

የጠዋት = 5
የማታ = 7
ድምር = የጠዋት + የማታ

ይህን ማንም ያነበዋል፤ የጠዋትና የማታ ተሳላሚዎች ድምር ነው እንበል። ቀጥሎ ተማሪው ስሞቹን ብቻ እንዲለውጥ ይታዘዛል፦

ሰም = 5
ሠም = 7
ወርቅ = ሰም + ሠም

ጮክ ብሎ ለሚያነበው ሰው ሰም አንዴ አምስት፣ አንዴ ሰባት ሆኖ ቁጭ ይላል፤ የመጨረሻው መስመር አንዱን ነገር ከራሱ ጋር የደመረ ይመስላል። ማሽኑ ግን ሳይደናገር 12 ይላል፤ ለእሱ እሳቱ ሰ እና ንጉሡ ሠ ፈጽሞ የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። አማርኛ ተናጋሪ በአፉ የዘነጋውን ልዩነት የግእዝ መምህርና ኮምፒውተር ብቻ አጥብቀው ሲጠብቁት ማየት ያስቃል። በዚሁ መንገድ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኀኑ ኀ፣ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ ለጀማሪ የሚበቃ መሸሸጊያ ይሆናሉ። የግእዝ ቁጥር ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። ሀ፩ ብሎ ተለዋዋጭ መሰየም ይቻላል፤ ወርቅ = ፩ ብሎ የጻፈ ግን ስሕተት ይመለስለታል። የግእዝ ቁጥር በቦታ ዋጋ የማይሠራ በመሆኑ ዩኒኮድ ከዐሥርዮሽ አኃዞች ጋር አልመደበውም፤ ፓይተንም ለሒሳብ አይቀበለውም።

ከቅኔ ጋር ማመሳሰሉ ግን ገደብ አለው፤ ለማንኛውም ነገር ሰምና ወርቅ የሚል ስም መለጠፍ በእኛ ጸሐፊዎች ዘንድ በዝቷል። በኅብር ቅኔ አንዱ ቃል ሁለት ፍቺ ይሸከማል፤ ሁለቱም እውነት ሆነው ይቆማሉ፤ ሰሚው ሁለቱንም ይቀምሳል። ማሽን የሚያውቀው አንድ ፍቺ ብቻ ነው። ድንግርግሩ ያለው በሰው ዓይን ላይ ነው። አብዛኛው እንቆቅልሽ ኮድም ሰሙ ትርጉም የለሽ ነው፤ የሚታየው ገጽ ምንም አይናገርም። በእኔ ሚዛን ይህ ከግማሽ በላይ ዋጋውን ያሳጣዋል። ብራያን ዌስትሊ በ1988 እ.ኤ.አ. ለዚያው ውድድር ያቀረበው ሥራ የተለየ ነው። የኮዱ ጽሑፍ በገጹ ላይ በክብ ቅርጽ ተደርድሯል፤ ፕሮግራሙም የዚያኑ ክብ ስፋት ለክቶ የፓይን ግምታዊ ዋጋ ያወጣል። የበለጠ ትክክለኛ አኃዝ የፈለገ ክቡን አስፍቶ ይጻፍ። ቅርጹም ሒሳቡም አንድ ነገር እየተናገሩ ነውና የቅኔ ቤት ሰዎች እንኳ «ይበል!» የሚሉለት ይመስለኛል።

ዐውደ ጥናቱ ላሊበላ ከተማ ላይ ቢካሄድ፣ ከመደበኛው ትምህርት ቤት የሚመጡትን ከቅኔ ተማሪዎች ጋር ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማስቀመጥ ይበጃል። አንዱ ፊደሉን ያውቃል፤ ሌላው የኮምፒውተሩን የቁልፍ ሰሌዳ። መብራት ቢጠፋ ሥራው አይቆምም፤ ሦስት መስመር በወረቀት ላይ ይጻፋል፣ ለማረጋገጫም ባትሪው የሞላ አንድ ላፕቶፕ ይበቃል። የዳኝነቱን ሥርዓት ከውድድሩ መዋስ ይቻላል፤ እዚያ ኮድ የሚያስገባ ሰው ስለ ሥራው የሚያስረዳ ጽሑፍ አብሮ ያቀርባል። እዚህም ተሳታፊው በአንድ ወረቀት ስውሩን፣ በሌላው ግልጹን ጽፎ ያምጣ። ጓደኞቹ ስውሩን ለመፍታት ከሞከሩ በኋላ ሁለተኛውን ወረቀት ራሱ ያንብብላቸው። ሁለተኛው ወረቀት የሌለው ኮድ ላፕቶፑ ላይ አይሞከርም።