የዐምድ ፍተሻ፦ ከቤተልሔም ድጓ እስከ ስልክ ገጽ

የብራና መጽሐፍ መመዘን የፈለገ ሰው ንባቡን ለጊዜው ይተወው። ገጹን ወደ መስኮት አዘንብሎ ብርሃኑን ከጎን ያስገባበት። ያን ጊዜ ከቀለሙ በፊት የተሠራው ሥራ ብቅ ይላል፤ በጠርዙ በወስፌ የተበሱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው በደነዘ ስለት የተሰመሩ ቀለም አልባ መሥመሮች። ከላይና ከታች የተበሱት ዐምዱ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ይወስናሉ፤ በጎን የተደረደሩት የጽሕፈቱን መሥመር ይይዛሉ። በአንዱ ወገን የተጫነው መሥመር በሌላው ወገን ጎልቶ ስለሚወጣ አንድ ጊዜ ማስመር ለሁለት ገጽ ይበቃል። ዛሬ ድረ ገጽ የሚሠሩ ልጆች ግሪድ የሚሉት ይህንኑ ነው። አንባቢ የማያየው፣ ጸሐፊው ግን እጁን የሚያሳርፍበት ክፍፍል።

ከሐሙሲት ተነሥቶ በወረታ አድርጎ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ ጋይንት የሚወጣው መንገድ ለእንዲህ ዓይነቱ ዐይን መልመጃ ይሆናል። በዚያ አቅጣጫ ያሉት ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አባ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው። የዜማ መጽሐፍ የሆነው ድጓ ደግሞ መሥመር አስማሪን እንደ ሌላ መጽሐፍ አያዝንለትም። ዜማው በቅዱስ ያሬድ ስም ይጠራል፤ ምልክቶቹን ግን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ደነገጓቸው ይተረካል። ከቃሉ በላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፈው ምልክት፣ ከእሱም ጋር ይዘቱ፣ ድፋቱ፣ ጭረቱ፣ ርክርኩ ሁሉ የሚያርፍበት ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ሰማሪው ወስፌውን ሲያነሣ አንድ መሥመር ሳይሆን ሁለት መሥመር ያስባል። ክፍተቱ ከጠበበ ምልክቱ ከላይኛው ቃል እግር ጋር ይጋጫል፤ መሪጌታውም የታችኛውን ቃል ዜማ ለላይኛው ሊሰጠው ይችላል። ክፍተቱ ከሰፋ መጽሐፉ ይወፍራል፣ የሚፈልገው የፍየል ቆዳም ይበዛል። ጥሩ ድጓ በዚህ ጭንቅ መካከል የተገኘ ልክ ነው። እኔ ድጓ ሳይ ከሐረጉ ውበት በፊት የማየው ይህንን ክፍተት ነው።

ዳዊትን በሌላ መንገድ ነው የሚመዝኑት። መዝሙረ ዳዊት ብዙውን ጊዜ በአንድ ዐምድ፣ እያንዳንዱ ስንኝ በየራሱ መሥመር ይጻፋል። ስንኙ ከመሥመሩ ሲረዝም የተረፈው ፊደል ከላይ ወይም ከታች ባለው ባዶ ቦታ ላይ ተሰቅሎ፣ የማን ትርፍ እንደ ሆነ በትንሽ ጭረት ይለያል። እዚህ ላይ ጸሐፊው ራሱን ያጋልጣል። ያልበሰለው እጅ በመሥመሩ ጫፍ ላይ ፊደሉን እያጠበበ፣ እያሳነሰ፣ በመጨረሻም ኅዳጉን ጥሶ ይወጣል። የበሰለው ትርፉን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ከስንኙ ግማሽ ጀምሮ እጁ ይሰበሰባል፣ የሚሰቅለውንም በልክ ይሰቅላል።

በሁለትና በሦስት ዐምድ ለሚጻፉት መጻሕፍት ግን ከዚህ የበለጠ መላ ነበራቸው። ሁለት ነጥብ! ቃል የሚያልቀው ሁለት ነጥብ ያለበት ቦታ ስለ ሆነ ጸሐፊው መሥመሩ ሲሞላበት ቃሉን በፈለገው ፊደል ላይ ቆርጦ ወደሚቀጥለው መሥመር ይወርዳል፤ ሰረዝ አያስፈልገው፣ አንባቢም አይሳሳት። ጠባብ ዐምድ በግእዝ ፊደል እንዲያ ቀጥ ብሎ የቆመው በዚህ ፈቃድ ነው። እኛ ሁለት ነጥቡን ትተን ባዶ ቦታ ስንጠቀም ፈቃዱንም አብረን ጣልነው። ለድረ ገጽ ሠሪው የተረፈለት የማይቆረጥ ረጅም ቃልና ጠባብ ዐምድ ነው።

ሲኤስኤስ የተባለውን፣ የድረ ገጽን መልክና አቀማመጥ የሚደነግገውን ቋንቋ፣ ሆኮን ቪዩም ሊ ያቀረበው በ1994 እ.ኤ.አ. ነበር። ዐምድ የሚያሰምር የራሱ መሣሪያ ግን ለብዙ ዓመታት አልነበረውም። ሰው በየፊናው ዘዴ ፈጠረ፤ ኔታን ስሚዝ በ2008 ያወጣው ባለ 960 ፒክስል ክፍፍል ከሁሉ የታወቀው ነው። 960 ለ12 ሲካፈል 80 ይሆናል፤ ከዚህ 60ው ለይዘት፣ 20ው ለክፍተት። 12 ደግሞ ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ6 እኩል ስለሚከፈል በ2011 ብቅ ያለው ቡትስትራፕም ኋላ ላይ ያንኑ ቁጥር ያዘ። በ2017 የግሪድ ሕግ በፋየርፎክስ፣ በክሮምና በሳፋሪ ማሰሻዎች ውስጥ ገባ፤ ወስፌው ከባለሙያው እጅ ወጥቶ ወደ ማሰሻው ገባ ማለት ይቻላል።

መሣሪያው ጥሩ ስለ ሆነ ገጹ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። የአማርኛ ገጽ ሲቀርብልኝ የመጀመሪያው ፈተናዬ ቀላል ነው፦ ጠባቡ ዐምድ ውስጥ «ስለሚያስተዳድሯቸውም» የሚል ርእስ አስገባበታለሁ። ዐምዶቹን «1 ኤፍአር»፣ ማለትም አንድ ድርሻ፣ እያለ የከፈለ ባለሙያ እኩል የከፈለ ይመስለዋል። መሣሪያው ግን ውስጥ ውስጡን ሌላ ሕግ አለው፤ ዐምዱ በውስጡ ካለው ከማይሰበረው ነገር አያንስም። ስለዚህ ረጅሙ ቃል የራሱን ዐምድ ይለጥጥና ጎረቤቶቹን ይጨፈልቃል። የሚያውቅ ሰው ዝቅተኛውን ስፋት ዜሮ ብሎ ይጽፋል፤ «ሚንማክስ» በሚባለው ትእዛዝ፣ ከዜሮ እስከ 1 ኤፍአር። ያን ጊዜ ዐምዱ ባለበት ይቆማል፤ ቃሉ ግን ጠርዙን አልፎ ይወጣል። እንግዲህ የእውቀት ሥራ የሚጀምረው እዚህ ነው። ፊደሉን ያሳንሰው? ዐምዱን ከሦስት ወደ ሁለት ያውርደው? ቃሉ በየትኛውም ፊደል እንዲቆረጥ ይፍቀድ? ለዜና ርእስ እኔ ዐምድ መቀነሱን እመርጣለሁ። ሁለት ነጥቡን ጠብቆ ለሚታተም የግእዝ ንባብ ግን መቁረጡ ምንም ነውር የለበትም፤ ጥንትም እንዲያው ነበር።

ይህ ስሕተት ብዙ ጊዜ ሳይታይ የሚያልፈው ገጹ በላቲን መሙያ ጽሑፍ ስለሚሞከር ነው። ሎረም ኢፕሰም የሚሉት ያ ትርጉም የለሽ ጽሑፍ ቃላቱ አጫጭር ናቸው፤ በማንኛውም ዐምድ ውስጥ ተመችቶት ይተኛል። አማርኛው ሲገባ ገጹ ይናጋል። ሥራ ሲያስረክቡ በሎረም ኢፕሰም የተሞላ ገጽ የሚያሳዩትን «አማርኛ አስገባበትና ነገ አምጣው» ማለት መብት ነው።

ሁለተኛው ፈተና የመሥመር ክፍተት ነው፤ እዚህ ላይ የድጓው ትምህርት ይመለሳል። የላቲን ትንንሽ ፊደላት በመሥመሩ ወገብ ላይ ስለሚቀመጡ ከላያቸው የሚተርፍ ነጭ ቦታ አላቸው። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚል ልዩነት የለውም፤ ከላይ እስከ ታች ይሞላል። ለእንግሊዝኛ የፊደሉ መጠን 1.4 እጥፍ ሆኖ የተሰጠ ክፍተት ለአማርኛ ትንፋሽ ያሳጣል፤ ከ1.6 በታች የሆነ ረጅም ንባብ እኔ አልቀበልም። ደግሞ ዳርና ዳር ማስተካከልን ተጠንቀቁ። በጠባብ ዐምድ ሁለቱም ጠርዝ ቀጥ ይበል ከተባለ ረጃጅሞቹ ቃላት ስለማይቆረጡ በመካከላቸው ጉድጓድ ይከፈታል። ግራው ቀጥ ብሎ ቀኙ እንደ ልቡ ይሁን።

ሦስተኛው፣ የዜና ሣጥኖች ጎን ለጎን ሲደረደሩ ቀንና የጸሐፊ ስም በአንድ መሥመር ላይ ያርፋሉ ወይ? አንዱ ርእስ ሁለት መሥመር፣ ሌላው አራት ሲሆን ከሥሩ ያለው ሁሉ ከፍና ዝቅ ይላል። ንዑስ ግሪድ የሚባለው ዘዴ፣ በ2019 በፋየርፎክስ ጀምሮ በ2023 ክሮም ላይ የደረሰው፣ ሣጥኖቹ የውጪውን ዋና መሥመር እንዲካፈሉ ያደርጋል። ይህን የተጠቀመ ባለሙያ ካያችሁ ቀሪውንም ሥራውን አምናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ርእሱን በግድ በሁለት መሥመር ቆርጦ ሦስት ነጥብ የሚያስከትል ግን ዐምዱን አድኖ ወሬውን ገድሏል።

ኅዳግን በአጭሩ ልለፈው። በብራናው ከሁሉ የሰፋው የታችኛው ነው፤ ጣት የሚያርፈው እዚያ ነውና። በስልክም አውራ ጣት የሚሄደው ወደ ታች ሆኖ ሳለ በርካታ ገጾች ያንን ቦታ በማስታወቂያ ይሞሉታል።

የመጨረሻው ፍተሻ የማሰሻውን መስኮት ቀስ እያሉ ማጥበብ ነው። ሦስቱ ዐምዶች ወደ ሁለት፣ ሁለቱ ወደ አንድ ሲወርዱ ቅደም ተከተሉ ይጠበቃል ወይ? ግሪዱ ነገሮችን ከተጻፉበት ተራ አውጥቶ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ይችላል፤ ለዐይን ያምራል፣ ገጹን በድምፅ እያስነበበ ለሚሰማ ዐይነ ስውር ግን ከሦስተኛው አንቀጽ ወደ መጀመሪያው የሚዘል ታሪክ ይሆንበታል። በአንድ ዐምድ ሲነበብ ትርጉም የሚሰጥ ገጽ በሦስትም ይሰጣል፤ የተገላቢጦሹ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ሠንጠረዥ ካለበት፣ ለምሳሌ የበዓላት ቀን በእኛና በፈረንጅ አቆጣጠር ተደርድሮ ከሆነ፣ እሱ ብቻ በጣት ወደ ጎን ይገፋ። ቁጥሮቹን ቆራርጦ አንዱን በሌላው ላይ ከመከመር ይሻላል።