የአትጠገብ ልጅና የወርቂት ልጅ

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በማንኩሳና በቡሬ በኩል ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ እንጅባራ ሲደርስ ኮሶ በር የሚባለውን ስም ይሰማል። በ1820 ዓመተ ምሕረት በጥቅምት ወር፥ በዚሁ ስም በሚጠራው የጎጃም ጦርነት፥ የደምቢያው ገዥ ደጃዝማች ማሩ ሞቱ። በዘመነ መሳፍንት እንዲህ ያለ የመኳንንት ሞት ብዙ ነው፤ የአማርኛ ድርሰት አንባቢ ግን ይህን አንዱን ለይቶ የሚያስብበት ምክንያት አለው። ሔንሪ ስተርን የተባለው ሚሲዮናዊ እንደ ጻፈው፥ በጨንከር ገዳም ይማሩ የነበሩትን ሕፃናት፥ በጦርነት ያሸነፏቸውን አባቶቻቸውን ለመበቀል ሲሉ ያስፈጁ እኚሁ ማሩ ናቸው። ከዚያ እልቂት ካመለጡት ልጆች አንዱ የቋራው ካሣ ኃይሉ ነበረ፤ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት።

ልጁ አባቱን ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስን ገና በሕፃንነቱ አጥቷል። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ከባላቸው ርስት ተነቅለው ጎንደር ገቡ፤ ቸግሯቸው ኮሶ ሸጡ ተባለ። እንግዲህ አባት የለም፥ ርስት የለም፥ መጠጊያ የሆነው ገዳምም የሕፃናት ደም ፈሰሰበት። ይህን ሁሉ ካደረሱት መካከል በስም የሚታወቁት አንዱ ሰው ደግሞ ካሣ ጦር ለመያዝ ሳይደርስ፥ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሳለ፥ በኮሶ በር ወደቁ። በቀሉን የሚቀበል ሰው ጠፋ፤ በቀሉ ግን አልጠፋም። ስለ ቴዎድሮስ የሚጻፍ ልብ ወለድ ሁሉ ቋጠሮው ያለው እዚህ ላይ ነው።

በ1958 ዓመተ ምሕረት ብርሃኑ ዘርይሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን አሳተሙ፤ በ1961 ደግሞ አቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ»ን። ሁለቱን አርእስት ጎን ለጎን አድርጎ ላየ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። አንዱ ዕንባን፥ ሁለተኛው እናትን ያስቀድማል፤ አንባቢው የመጀመሪያውን ገጽ ሳይገልጥ ርኅራኄውን ይጠየቃል። ዘውድ፥ መድፍ፥ መቅደላ የሚሉት ቃላት ለአርእስት አልተፈለጉም። ቴዎድሮስን ለማስወደድ ወደ ሕፃንነታቸው መመለስ እንደሚያስፈልግ ሁለቱም ደራስያን ዐውቀዋል ማለት ነው።

በተለይ የአቤ ጉበኛ ርኅራኄ ሊመሰገን ይገባዋል። አቤ በባሕር ዳር አጠገብ በአቸፈር ተወልደው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማሩ የጎጃም ሰው ናቸው። ጎጃም ደግሞ ቴዎድሮስን የሚወድበት ምክንያት ጥቂት ነው። የዳሞትና የጎጃም ገዥ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ በ1845 ጉር አምባ ላይ በካሣ ጦር ወደቁ፤ በዚያው ዓመት ራስ ዓሊ በጎጃም ምድር በአይሻል ተሸነፉ፤ የጎሹ ልጅ ብሩም ተይዘው ብዙ ዓመት በሰንሰለት ኖሩ። ከዚያም በኋላ ተድላ ጓሉ ጎጃምን ይዘው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ለብዙ ዓመት ተዋጉ። እንግዲህ አባቶቹ የተሸነፉበት አገር ልጅ አሸናፊውን «አንድ ለእናቱ» ብሎ መጥራቱ የልብ ስፋት ነው። ወገን ቆጥሮ የሚጽፍ ደራሲ ይህን ስም አያወጣም ነበር።

ነገር ግን ርኅራኄው እስከ ምን ድረስ ይሄዳል? ይህን ለመመርመር ከኮሶው ነገር መጀመር ይሻላል። ኮሶ ባላባቱም ድኻውም፥ ካህኑም ወታደሩም ጊዜውን ጠብቆ የሚጠጣው መድኃኒት ነበረ፤ ሁሉ የሚፈልገውን መድኃኒት የምትሸጠዋን ሴት ግን ሁሉ ይንቃታል። (ይህ ንቀት ለእጅ ጥበብ ሠራተኞችም ተርፏል፤ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።) ደጃዝማች ወንድይራድ ያንን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብለው በእቴጌ መነን ፊት ፎክረው ወጡ፤ ተሸንፈው በተያዙ ጊዜም ካሣ ኮሶ አቅርቦ፥ እናቴ ገበያው አልቀናቸውምና ከዚህ ሌላ የሚቀርብ የለም ብሎ አስጠጣቸው ይባላል። ታሪኩን የሚሰማ ሁሉ ይሥቃል። መሣቁም ተገቢ ነው፤ በቀሉ ከስድቡ ጋር የተመጣጠነ፥ እንዲያውም ቀልድ ያለበት ነውና። አንባቢ ካሣን የሚወደው እንዲህ ባለው ቦታ ነው፤ ድርሰትም እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ሥራው ቀላል በሆነ ነበር።

በ1856 ዓመተ ምሕረት ግን ካሣ ከነገሡ ዘጠነኛው ዓመት ነው፤ ዕድሜያቸውም አርባ አምስት ገደማ። ከላይ የተጠቀሰው ስተርን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1862 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ንጉሡ ዝቅተኛ ትውልድና ስለ እናታቸው ኮሶ መሸጥ ጽፎ ነበር። ንጉሡ አስቀድመው በሌላ ነገር ተቈጥተው አስገርፈውታል፤ ሁለት አሽከሮቹም በዱላ ሞቱ። ወረቀቱና መጽሐፉ ተይዞ በተተረጐመላቸው ጊዜ ደግሞ ስለ እናታቸው የተጻፈው ለክስ ቀረበበት። ዘውድ የደፋ፥ ዓሊንና ውቤን ያሸነፈ ሰው ፊት አንድ የባዕድ አገር መጽሐፍ ያን የጎንደር ልጅ መልሶ አቆመው። እንግዲህ የገዳሙን እልቂት ለዓለም የነገረው ጸሐፊና የኮሶውን ነገር ጽፎ የታሰረው ሰው አንድ ነው። ልብ ወለድ ጸሐፊ እንዲህ ያለውን ነገር ፈልጎ አያገኝም፤ ታሪክ በነጻ ሰጥቶታል። ቁስል ሽሮ ሳይሆን ተሸፍኖ እንደ ነበረ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

የቤተ ክህነት አንባቢ በዚህ ቦታ የራሱን ጥያቄ ያነሣል። በ1848 ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል መባሉ፥ የአቡነ ሰላማ መታሰርና በመቅደላ ማረፋቸው፥ እነዚህ ስለ መንግሥትና ስለ ግብር ክርክር ያለባቸው ናቸው፤ ለንጉሡም የሚናገርላቸው አይታጣም። በ1859 የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መዘረፍና መቃጠል ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከገዳም እልቂት ያመለጠው ሕፃን፥ ጎልማሳ ሆኖ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ካሉበት ቤት ፊት ሲቆም ማሩን ማስታወስ ነበረበት። አስታውሶ ይሆናል፤ ያስፈራውም እርሱ ይሆናል። ደራሲ ሊጽፈው የሚገባው ሌሊት ይህ ነው፤ ከአባት ሞትና ከእናት ድህነት ይልቅ የቴዎድሮስ ነፍስ የምትታየው በዚህ ነው።

ቁስልን እያሳዩ ሥራን ይቅር ማስባል ለብዕር ቀላል ነው። ሕፃን ሲያለቅስ ያየ አንባቢ፥ ያ ሕፃን አድጎ የሚያደርገውን ሁሉ በዕንባ መጋረጃ ውስጥ ያያል። ዮሴፍም በወንድሞቹ የተሸጠ ልጅ ነበረ፥ እርሱም ሥልጣን ይዞ አለቀሰ፤ ነገር ግን ያለቀሰው በደለኞቹ እህል ሊለምኑ በፊቱ ቆመው ሳሉ ነውና ዕንባው የሚመዘንበት ነገር አለ። የቴዎድሮስን ዕንባ የሚመዝኑት ደግሞ ሌሎች ሰዎች ያፈሰሱት ዕንባዎች ናቸው፤ መጽሐፍ እነዚያን ካላቀረበ ሚዛኑ አንድ ጎን ብቻ ይሆናል።

በዚህ ነገር ሌላው የጎጃም ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ የተለየ መንገድ ሄዱ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 በወጣ ጊዜ ታሪኩ የሚጀምረው በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ባለችው በማንኩሳ ነው። በዛብህም እንደ ካሣ በእናት ፈቃድ ወደ ቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ታሞ ቢድንላቸው በስእለት ሰጡት። ሕፃንነቱን ያጣው በጠላት ጦር ሳይሆን በወላጆቹ ፍቅር ነውና የሚበቀለው ሰው የለም። ደራሲው ባላንጣ ሊፈጥሩለት ይችሉ ነበር፤ ፊታውራሪ መሸሻም ለዚህ ይመቻሉ። ነገር ግን ፊታውራሪው በትውልዳቸው የሚመኩ፥ ኩራታቸው የሚያሥቅና የሚያሳዝን ሽማግሌ ናቸው እንጂ አንባቢ የሚጠላቸው ሰው አይደሉም። ሰው እንዲያዝንላቸውም ሐዲስ የልጅነት ቁስል አላዋሱአቸውም። የማንኩሳው ልጅ ስእለቱን ይዞ ወደ ቅኔ ቤት ሄደ፤ የቋራው ልጅ ወደ በረሃ። ልዩነቱ በጠባይ ብቻ የመጣ ነው ማለት አይቻልም፤ የአንዱን ገዳም ማንም አላጠቃውም።

አንድ ታሪክ ለደራሲ ይቀራል። በ1857 ዓመተ ምሕረት በሰኔ ወር ምኒልክ ከመቅደላ አምባ ሌሊት ወርደው አመለጡ። ወደ ሸዋ የሚያልፉት በወሎ ነበርና የወሎዋ ገዥ ወይዘሮ ወርቂት በሩን ከፈቱላቸው። ወይዘሮ ወርቂት ይህን ያደረጉት የገዛ ልጃቸው በዚያው በመቅደላ በመያዣነት ታስሮ ሳለ ነው። ቴዎድሮስ ከአምባው ላይ ሆነው ምኒልክ ወደ ወርቂት ሰፈር ሲገቡ በመነጽር አዩ ይባላል። ከዚያም የወርቂትን ልጅ ከሌሎች የወሎ ምርኮኞች ጋር አስገደሉ። ያመለጡት ምኒልክም አባታቸው ኃይለ መለኮት በሞቱበት በ1848 ዓመተ ምሕረት፥ በዐሥራ አንድ ዓመታቸው ተይዘው የመጡ፥ ንጉሡ እንደ ልጃቸው ያሳደጉአቸውና ልጃቸውን አልጣሽን የዳሩላቸው ነበሩ።